የጠባቧ አውሮፕላን አሸኚ

አባቴ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ሰው እሸኛለሁ» ይል ነበር። ጠያቂው ግራ ሲጋባ ደስ ስለሚለው ቶሎ አያብራራም። እኔ ግን ላብራራ፤ እንቆቅልሽ አልወድም። አውሮፕላን ከቆመበት በራሱ ወደ ኋላ አይወጣም፤ አፍንጫውን በትራክተር የሚገፉት ሰዎች ያስፈልጉታል። አንደኛው ትራክተሩን ይነዳል። ሌላው ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ፣ ገመዱን ከአፍንጫው ሥር ባለች ቀዳዳ ሰክቶ፣ ላይ ከተቀመጠው አብራሪ ጋር እየተነጋገረ ከፊት ጎማው ጎን በእግሩ ይሄዳል። ያ ሁለተኛው ሰው አባቴ ነበር። ባልደረቦቹ «አሸኚው» ይሉት ነበር፤ በስሙ የሚጠራው እናቴ ብቻ ናት። እሱ ራሱ ተሳፍሮ የሄደው አንድ ጊዜ ነው፤ ጆሮዬን አመመኝ ብሎ ሁለተኛ አልሞከረውም።

በዕድሜው ሁሉ የገፋት ጠባቧን ነው። ጠባቧ የሚሏት ባለ አንድ መተላለፊያዋን ጄት ነው፤ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ወንበር፣ መሃል ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ። ባሕር የሚሻገሩት ትልልቆቹ ሲያርፉ ሰው ፎቶ ያነሳቸዋል። ጠባቧን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ጠዋት ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ሰው አራግፋ፣ ተጠርጋ፣ ነዳጅ ጠጥታ፣ ላቧ ሳይደርቅ እንደገና ትወጣለች። ሆዷ ለመሬት ስለሚቀርብ ሻንጣ ጫኞች ውስጧ የሚሠሩት ተንበርክከው ነው፤ ከጫኞቹ ጉልበቱን የማያመው አላውቅም። በሩ ጋ ሲደረስ ወለሏ በጫማ ብዛት ነጥቷል። አንድ ጎረቤታችን ትንሽ ናት ብሎ ሲያጣጥላት አባቴ «አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል» ብሎ አፉን አስያዘው። ለእሱ የአየር መንገዱ ሠራተኛ እሷ ናት፤ የቀሩት እንግዶች ናቸው።

ወንድሜ ይህን እየሰማ አደገና አብራሪ ሆነ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና እኔ ወንበር ላይ ቆሜ መጋረጃ ስሰቅል ራሴን የሚያዞረኝ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሱ ታናሼ ደግሞ ሰማይ ቤቱ ሆነ። የተመደበው ጠባቧ ላይ ነበር። ካፒቴን ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ የገፋው አባቴ ነው። በዚያ ገመድ ልጁን አንቱ ብሎ አናገረው፤ «ካፒቴን፣ ዝግጁ ሲሆኑ ፍሬን ይልቀቁ» አለው። ወንድሜ ሳቁን ውጦ «ፍሬን ተለቋል» አለ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ጨዋታ ይኸው ሆነ። ቤት ውስጥ «አንተ፣ ካልሲህን አንሳ» የሚባለው ሰውዬ ጎማው ጋ ሲደርስ አንቱ ነው። እናቴ ማዕድ ላይ ስትሰማቸው «ሁለት ሕፃን አሳደግኩ ብዬ፣ ለካ ሦስት ኖሯል» ትል ነበር።

እናቴ ታመመች። ሆስፒታል ገብታ ከረመች፤ አንዴ ተሻላት፣ አንዴ ባሰባት ስንባባል ሰነበትን። ነገሩ በሆነበት ቀን ዋዜማ ተሽሏት ነበር። ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች፣ ሾርባ ጠጣች፣ ወንድሜን «ሸሚዝህን ማን ነው የሚተኩስልህ?» ብላ ተቆጣችው። ሐኪሙም መልካም ነው ስላለ ወንድሜ በማግስቱ ሥራ ገባ። ደርሶ መልስ በረራ ነበር፤ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል።

በማግስቱ ጠዋት እጄን ይዛኝ ሞተች። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ኮሪደር ወጥቼ ለአባቴ ደወልኩለት፤ የእናቴን ሕመም የሚያውቀው የፈረቃ አለቃ ስልኩን ኪሱ እንዲይዝ ፈቅዶለት ነበር። የጠባቧ በሮች እየተዘጉ፣ ትራክተሩ ተያይዞ፣ ገመዱን ሊሰካ ሲል ነው ያገኘሁት። «አባዬ፣ እማዬ አረፈች» አልኩት።  ከኋላው የአውሮፕላኗ ጩኸት ይሰማኛል። ከዚያ «እሺ የኔ ልጅ» አለና ዘጋው።

ወንድሜ ከራሱ በላይ በአንድ መስኮት ርቀት ተቀምጧል። አንድ ቃል ቢናገር በረራው ይቆማል፣ ሌላ አብራሪ ይጠራል፣ ልጁ ወርዶ ከእሱ ጋር ወደ ሆስፒታል ይመጣል። አልተናገረም። ገመዱን ሰካና «ካፒቴን፣ ዝግጁ ሲሆኑ» አለ።

እዚህ ላይ ስለ ፒኗ መናገር አለብኝ። ትራክተሩ ሲገፋ የፊት ጎማው ከአብራሪው መሪ ጋር እንዳይታገል አሸኚው ጎማው አጠገብ አንዲት ፒን ይሰካል፤ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለባት። ተገፍታ ሲያበቃ ይነቅላታል፣ ገመዱን ይፈታል፣ ራቅ ብሎ ይቆምና ቀዩን ጨርቅ ከፍ አድርጎ ለአብራሪው ያሳየዋል። ይኸው ነቅያለሁ፣ መሪው ያንተ ነው እንደ ማለት ነው። አባቴ ምናልባት ብትጠፋ ብሎ ሌላ ትርፍ ፒን ኪሱ ውስጥ ይይዝ ነበር። ያን ቀን የተሰካችውን ሳይነቅል ከኪሱ ያለችውን አወጣና ቀዩን ጨርቅ ከፍ አድርጎ ለልጁ አሳየው። ስንት ዘመን የሠራ ሰው እጁ ብቻውን ሲሠራ እንዲህ ያደርጋል። ወንድሜ አይቶ መብራት አበራለት፣ ጥቂት ተንቀሳቀሰ፣ ሊታጠፍ ሲል አውሮፕላኗ አልታዘዝ አለች። ቆመ።

አባቴ ወደ ቆመችው አውሮፕላን ተመልሶ ሄደ፤ ሞተሮቿ ይሠራሉ። ገመዱን ሰካ። ወንድሜ አባቱ ፒን ረስቶ እንደማያውቅ ስለሚያውቅ ጨዋታውን ተወው።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? እማዬ ደህና ናት?»

አባቴ «ደህና ናት» አለው። «ፒኗን ረስቼ ነው። መልካም በረራ ካፒቴን።»

ይህን ቃል በቃል የማውቀው ከሁለቱም አፍ ስለሰማሁት ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለያዩም። አባቴ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ሆድ ይፍጀው፣ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ታኮውን ጎማው ሥር ካስገባሁ በኋላ ራሴ እነግረዋለሁ። ሆስፒታል ሲደርስ እኔንም እንዳልደውል አስማለኝ። እኔም የዚያን ጊዜ ልክ መሰለኝ። ግን ጠባቧ በሄደችበት ከተማ ጭጋግ ወርዶ አልነሳ አለ። የአውሮፕላን ሜዳው ተዘጋ፤ በዚያ ቀን አልተመለሰችም፣ በማግስቱም አልተመለሰችም። ዘመዶች ተሰብስበው ሬሳ አይቆይም አሉ። አጎቴ ወሰነ፣ አባቴ እንደ ደነዘዘ ሰው ራሱን ነቀነቀ፣ ቀበርናት። ከቀብር ስንመለስ ነው ለወንድሜ የደወልኩለት። ሆቴል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መስኮቱን እያየ ነበር፤ ጭጋጉ አሁን ይነሳል አለኝ መጀመሪያ። ነገርኩት። አልቅሶ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «አባዬ የሰማው መቼ ነው?»

እውነቱን ነገርኩት። ያን ጊዜ እውነት የሚጎዳ አይመስለኝም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብል ከየት አመጣዋለሁ። ወንድሜ «ጠይቄው ነበርኮ» አለ። ሲመለስ ወደ መቃብሯ ሄደ፣ ከዚያ ቤት መጥቶ ልብሱን በሻንጣ ከተተ። አባቴ በር ላይ ቆሞ «ልጄ» አለው። በጎኑ አልፎት ሄደ።

ሆድና ጀርባ ሆኑ። ወንድሜ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ቤት ተከራየ። እኔን ሊያይ የሚመጣው አባቴ ፈረቃ በገባበት ሰዓት ነው፤ በራፍ ላይ ጫማ ካየ ይመለሳል። ሽማግሌ ተላከበት፤ በትሕትና ተቀብሎ፣ አጉርሶ፣ በትሕትና ሸኛቸው። እኔም ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። ውሃ ወቀጣ ነው። «እታለም፣ እኔ ጠይቄዋለሁ። ባልጠይቀው ኖሮ እተወው ነበር» ይለኛል።

በዚህ ዓለም ላይ ሁለቱ የሚነጋገሩበት አንድ ቦታ ቀረ፤ እሱም ያ ገመድ ነው። ሥራ ነውና ወንድሜ እምቢ ሊል አይችልም። የፈረቃው አለቃ ደግሞ ነገሩ ገብቶት ሳይጠየቅ አባቴን ወንድሜ በሚወጣባት ጠባቧ ላይ ይመድበው ጀመር። ፍሬን ይልቀቁ፤ ፍሬን ተለቋል። መግፋት ጀምሬያለሁ፤ እሺ። ፍሬን ይያዙ፤ ፍሬን ተይዟል። ገመዱን ይፍቱ፤ መልካም በረራ። ይኸው ነው። አንቱታው እንዳለ ቀረ፤ ጨዋታነቱ ግን አልቋል።

አባቴ ማታ ራት ላይ ይነግረኛል፦ ዛሬ አገኘሁት። ምን አለህ ስለው፣ ፍሬን ተይዟል አለኝ ይላል፤ ፊቱ እያበራ። መጀመሪያ ላይ አሾፍኩበት። በኋላ ግን ተውኩት፤ ከእነዚያ ሁለት ቃላት የማያወጣው ነገር አልነበረም። ጉንፋን ይዞታል፣ አልተኛም፣ ዛሬ ረዳቱን ተቆጥቷል መሰለኝ ይላል። አንድ ቀን ሹካውን አስቀምጦ «ልጁን አንድ ነገር ሰብሮታል» አለኝ። በዚያ ሳምንት ወንድሜ ከእጮኛው ጋር ተለያይቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለአባቴ አልነገርኩትም።  ይህን የሚያህል ጆሮ ያለው አባት እንዴት አፍ አጣ እያልኩ ሳህኖቹን አነሳሁ።

አንድ ጊዜ ሞክሯል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ፣ ገመዱን ከመፍታቱ በፊት፣ «ካፒቴን፣ ስለዚያ ቀን አንድ ነገር ልናገር» አለው። ወንድሜ የመለሰለት በዚያው በሥራ ድምፁ ነው፤ በዚህ መስመር ከሥራ ውጪ ነገር አይነገርም፣ የሚባለው ሁሉ ይቀረጻል። እውነቱን ነው፣ ይቀረጻል። አባቴ ይቅርታ ጠይቆ ገመዱን ፈታ።

ከዚያ ጆሮው ይደክም ጀመር። የሞተር ጩኸት ሲደበድበው የኖረ ጆሮ ነው፣ ምን ይደንቃል። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ከፍ ያደርጋል፤ ስጠራው የማይሰማኝ ሆን ብሎ እየመሰለኝ «ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ?» እያልኩ አስቀው ነበር። እሱ ግን አይስቅም። በየዓመቱ የጆሮ ምርመራ አለ፤ ከወደቀ ከሜዳው ይወጣል። ከሜዳው ከወጣ ደግሞ የልጁን ድምፅ የሚሰማበት ቦታ የለም። ይህን ሁለታችንም ሳንነጋገር እናውቃለን። ምርመራው ሲቃረብ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ የእጅ ሰዓቱን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ጆሮው እያስጠጋ ሲያዳምጥ በበሩ ስንጥቅ አየሁት።

ምርመራው እስኪደርስ አልቆየም። አንድ ጠዋት እየተገፋች ሳለ ወንድሜ ከኋላ የሚያልፍ መኪና እንዳለ ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ተነግሮት «ቁም» አለ። አባቴ አልሰማም፤ ከጎማው ጎን መራመዱን ቀጠለ። ትራክተሩን የሚነዳው ሰው መኪናውን ራሱ አይቶ በድንገት ሲያቆም ከአውሮፕላኗ የሚያያይዘው መጎተቻ ብረት ተወረወረ፤ ጎማው የአባቴን እግር ለጥቂት ሳተው። ወንድሜ ከበረራ ሲመለስ በቀጥታ ወደ አለቃው ቢሮ ገብቶ አሸኚው አይሰማም፣ ከሜዳው ይውጣ አለ።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ የቀረችውን አንዲት ክር በጥሰህ አረፍከው፣ ደስ ይበልህ አልኩት።   «ከላይ ሆኜ አያለሁ፤ እሱ ይሄዳል፣ ጎማው ይከተለዋል። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ አይሰማም» አለኝ። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

አባቴ ተመርምሮ ወደቀ። ጓንትና የጆሮ ማዳመጫ የሚታደልበት መስኮት የሌለው ክፍል ሰጡት። ማን እንደከሰሰው ያውቃል፤ ቂም እንዳይዝ ብዬ ላስረዳው ስል ግን እሱ ቀደመኝ። «ስለ እኔ አስቦ ነው» አለ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ከደስታ ብዙ የራቀ አልነበረም። ግን ራት ላይ የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም። ምግቡን ዝም ብሎ ይበላል፤ ብዙም አይበላም። ለጆሮ የሚገባ መሣሪያ ተሰጥቶት ነበር፤ ያፏጭብኛል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ጡረታ ሲወጣ ጎን ለጎን ተቀምጠን በጆሮው ካልጮህኩ በቀር የማንንም ቃል አይለይም ነበር።

ወንድሜ የመጣው እንዲህ ከሆነ በኋላ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ስሰፋ በሩ ተንኳኳ። ጫማው በራፍ ላይ እንዳለ አይቷል፣ አልተመለሰም። አባቴ ከሶፋው ሊነሳ ሲል ወንድሜ ፊት ለፊቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለዘመናት ያላየውን ነገር እንደሚያይ ሰው የአባቱን እጆች ያይ ነበር። አርጅተዋል። እኔ የስፌት መኪናውን አቆምኩ።

ከዚያ ወንድሜ በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረ፤ እንዲህ ያለ ነገር ተጮኾ አይነገርም። አባቴ አፉን እያየ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

ሶፋው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩና በጆሮው ጮህኩ፦ «ለምን አልነገርከኝም ነው የሚለው። እማዬ ደህና ናት ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር፣ ለምን ዋሸኸኝ?»

አባቴ መለሰ። የሚናገረው እንደ መስማት የተሳነው ሰው ሁሉ ከፍ ባለ ድምፅ ነበር፣ ቤቱን ሞላው። «ድምፅህን ሰማሁት። እማዬ ስትል እናት ያለው ሰው ድምፅ ነበር። ከነገርኩህ ያ ድምፅ ዳግመኛ አይመጣም። አንድ ቀን፣ አንድ በረራ፣ እናት እንዳለህ ሆነህ ሂድ አልኩ። ይኸው ነው። ጭጋጉን አላወቅኩም ልጄ።»

ወንድሜ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።  እኔ አሁን ይነሳል፣ አሁን አቅፎት ያለቅሳል ብዬ ጠበቅሁ። ፊቱን ሲገልጥ ዓይኑ ደርቋል። ለአባቴ ሳይሆን ለእኔ ነው የተናገረው፣ በዚያው በዝቅተኛ ድምፅ።

«ገባኝ። ግን እናቴን አልቀበርኳትም እታለም። ይቅር ልለው ብዬ ነው የመጣሁት፣ መንገዱን ሁሉ ስለማመደው ነበር። እዚህ ስቀመጥ አልወጣ አለኝ። ይቅር ልለው አልቻልኩም። ልዋሸው አልፈልግም፣ ይህን ንገሪው።»

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። «ምን አለ? ምን አለኝ?»

ከንፈሬን ጆሮው ላይ አስጠግቼ ጮህኩ፦ «ይቅር ብዬሃለሁ አለህ።»

አባቴ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ፤ እናቴ ስትቀበር እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። እጁን ዘርግቶ የወንድሜን ጉልበት ያዘ። ወንድሜ እኔን እያየኝ ነው። ጮክ ብሎ «አላልኩም» ሊል ይችል ነበር፤ እኔን ገፋ አድርጎ በዚያው ጆሮ ሊናገር ይችል ነበር። ጉልበቱ ላይ ያለችውን እጅ አላነሳትም፣ አልያዛትምም።

ስሸኘው በሩ ላይ ቆም ብሎ «አንቺም እንደ እሱ ነሽ» አለኝ። አዎ አልኩት። እውነት ምን እንዳደረገ አይቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ለእኔ ይብቃኝ።

አሁን ወንድሜ በየእረፍቱ ይመጣል። አባቴ አጠገብ ይቀመጣል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ መድኃኒቱን ያቀብለዋል፣ ከጠባቧ ላይ ስለሚነሱት ወንበሮችና ስለሚቀየሩት ሞተሮች በእጁ እያሳየ ያጫውተዋል። አባቴ መወፈር ጀምሯል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይቅር እንደተባለ ሰው ይተኛል። ወንድሜ የእኔን ውሸት እየኖረልኝ ይሁን፣ ወይስ በመቀመጥ ብዛት እውነት ሆኖለት እንደሆነ አላውቅም፤ እንዳልጠይቀውም እፈራለሁ። ሁለቱን ብቻቸውን ትቼ ገበያ መሄድ ከተውኩ ቆየሁ። ወንድሜ ወደ አባቴ ጆሮ ጎንበስ ባለ ቁጥር የስፌት መኪናውን አቁሜ አዳምጣለሁ።